ምዕራፍ 7፦ የምጣድ ሽቦና የገጀራ ስለት

ከአንድ የኢሱዙ ባሌስትራ የተቆረጡ ሦስት ገጀራዎች ለምን እኩል አይሆኑም? ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዋጫ ይህ ለጨዋታ ያህል የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። የጨና ወረዳ ገበሬ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ቡናውን ከመልቀሙ በፊት ሥር ሥሩን ይመነጥራል፤ መመንጠሪያው ገጀራና ማጭድ ነው። እንሰት ለመቁረጥ፣ አጥር ለማጠር፣ ጭራሮ ለመሰባበርም ያው ስለት ይፈለጋል። አንዱ ገጀራ ዓመታት ያገለግላል። ሌላው፣ ከዚያው ብረት በዚያው እጅ የተሠራው፣ ጉጥ ያለበት እንጨት ባገኘ ቁጥር ስለቱ ይሸረፋል። ሦስተኛው ደግሞ አይሸረፍም፣ ይጎብጣል።

ገዢው «ብረቱ አይረባም» ይላል። አንጥረኛው «አያያዙን አላወቅህበትም» ብሎ ይመልሳል። ብረቱ ግን ያው ባሌስትራ ነው፣ አያያዙም የሁልጊዜው አያያዝ ነው። ልዩነቱ የተፈጠረው ገጀራው ገበያ ሳይወጣ፣ ከፍሙ ተነሥቶ ወደ መንከሪያው በገባባት ቅጽበት ነው። ደህናው በ830 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገብቶ ይሆናል፤ የተሸረፈው በ950፤ የጎበጠው በ700። ሦስቱም ሲገቡ ቀይ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን ያለው ብረት ሲሆን፣ እንደ አሠራሩ ክሮሚየም ወይም ሲሊከን ይታከልበታል። ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ካርቦኑ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ በቀጫጭን ሽፋኖች ለብቻው ተቀምጧል። ሙቀቱ ከ727 ዲግሪ አልፎ ሲሄድ የብረቱ አተሞች አሰላለፋቸውን ይቀይራሉ፤ በአዲሱ አሰላለፍ መካከል ካርቦኑ የሚገባበት ክፍተት ስለሚገኝ ሟሙቶ ይሠራጫል። ብረቱ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ካርቦኑም ቀስ ብሎ ወጥቶ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል፣ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል። ዘይት ውስጥ በድንገት ሲገባ ግን፣ ረዳቱ ትርፍ ሰው ጭኖ በሩን እንደዘጋበት ሚኒባስ፣ ካርቦኑ መውረጃ ያጣል። አተሞቹ ተጨናንቀው አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ያቅታቸዋል። ጥንካሬ የምንለው ይህንን ነው። የዚህ ዓይነቱን የብረት ገጽታ አጥኚዎች በጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም ማርቴንሳይት ብለውታል።

እንግዲህ በ700 ዲግሪ የተነከረው ገጀራ ከመጀመሪያውም ምንም አልሆነም፤ ካርቦኑ አልሟሟም፣ ስለዚህ መንከሩ ታጥቦ እንደመውጣት ነው። በ950 የተነከረው ጠንክሯል፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች አንዱ ሌላውን እየዋጠ አድገዋል። ስንጥቅ ደግሞ በትልልቅ ቅንጣቶች መካከል በቀላሉ ይጓዛል። የተሰበረ ስለት ስብራቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ሻካራ ፍርፋሪ ከታየ ብረቱ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው፤ ስብራቱ አመድማና ልሙጥ ከሆነ ሙቀቱ ትክክል ነበር። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከዚያው ባሌስትራ አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ አግሎ፣ ነክሮ፣ በመዶሻ ሰብሮ መመልከት ነው።

አንጥረኛ የሚለካው በዓይኑ ነው፤ ዓይኑም የሚናቅ አይደለም። ጆን ድሬፐር የተባለ ሳይንቲስት በ1847 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ማንኛውም ጠጣር ነገር በጨለማ መቅላት የሚጀምረው 525 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በላይ ቀለሙ ከጥቁር ቀይ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቢጫ ይሄዳል። ችግሩ ቀለሙ በዙሪያው ባለው ብርሃን መመዘኑ ነው። ዋጫ ላይ ደመናው ዝቅ ባለበት በሐምሌ ረፋድና ፀሐይ በሚያናድድበት በጥር እኩለ ቀን ያው 800 ዲግሪ ሁለት የተለያየ ቀይ ነው። የብረት ሥራ ጎጆ ጨለምለም ብሎ የሚሠራው ለጭስ ደንታ ጠፍቶ አይደለም። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለው ተረትም ቢሆን የሚናገረው ስለ መቀጥቀጥ ነው። ለመቀጥቀጥ ከ900 እስከ 1,150 ያለው ሁሉ ይሆናል። ለመንከር ግን የተፈቀደው ስፋት 30 ወይም 40 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ያንን ከፍም ላይ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ወናፉ የሚነፋበት ጎን ነጭ ሲሆን፣ ሁለት ጣት ራቅ ያለው ገና ጥቁር ቀይ ነው። የገጀራው ጫፍና መሐሉ አንድ ሙቀት ላይ አይገኙም።

መድኃኒቱ ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ፣ ከሁሉም ጎን እኩል የሚያሞቅ ዝግ ምድጃ ነው። ፋብሪካዎች ይህን በብዙ ገንዘብ ያስመጣሉ። ይህ ምዕራፍ የሚለው ሌላ ነው፦ ምድጃውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀት በካፋ ከተሞች ተበታትኖ አለ፤ ችግሩ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋና ምጣድ ጠጋኙ አንድ ቦታ አለመቀመጣቸው ነው።

አለመቀመጣቸው ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በካፋ የአንጥረኛው ወገን ቀሞ ይባላል። እንደ ሌሎቹ የእጅ ባለሙያ ወገኖች ሁሉ ለዘመናት ተለይቶ የኖረ፣ በጋብቻም በማዕድም የተገፋ ነው። ይህ የካፋ ብቻ ነውር አይደለም። በሰሜኑም ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ የሚሰደበው ማረሻውን የሚሠራው ሰው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጅ ግን ስድብን ያስቆም ይሆናል እንጂ ሰውን ማዕድ አያስቀርብም። የተገፋ ሙያ ዕውቀቱን ለልጁ ብቻ ያወርሳል፣ ከጎረቤቱ ሙያም አይበደርም። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ላይ የምናየው ተቃራኒውን ነው፦ ቀጥቃጩ፣ በያጁና ሻጩ ትከሻ ለትከሻ ስለሚሠሩ የወዳደቀ በርሜልና ላሜራ በሳምንት ውስጥ ምድጃ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሥሩ ቢገለበጥ የሚታየው ነገር ምንድን ነው? ሸክላ ላይ ዙሪያውን የተቆፈረ ቦይ፣ ቦዩ ውስጥ የተዘረጋ ጥምዝ ሽቦ፣ የሽቦው ሁለት ጫፎች የታሰሩበት ብሎን። ለብረት ማጠንከሪያ የሚሆን ምድጃም ከዚህ የተለየ አካል የለውም፤ ቦዩ ከጠፍጣፋ ሸክላ ወደ ሳጥን ግድግዳ ተዛወረ እንጂ። የምጣዱ ገጽ 200 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚቆመው ሽቦው ስለደከመ ሳይሆን ሙቀቱ በሊጡና በአየሩ በኩል ስለሚሸሽ ነው። ያንኑ ሽቦ ወፍራም ግድግዳ ያለው ሳጥን ውስጥ ቢዘጉበት 850 ዲግሪ ይደርሳል።

ሽቦው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኒክሮም ነው፤ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። ሁለተኛው ብረት፣ ክሮሚየምና አሉሚኒየም ያለበት ሲሆን ስዊድናዊው ሃንስ ፎን ካንትሶቭ ካንታል ብሎ ሰይሞታል። ከሱቅ የተገዛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማግኔት ማስጠጋት ይበቃል፦ ካንታል ይሳባል፣ ኒክሮም አይሳብም። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ካንታል አንዴ ከጋለ በኋላ ተሰባሪ ስለሚሆን ነው። ቅርጹን አስቀድሞ ማስያዝ እንጂ ከተጠቀሙበት በኋላ ማጠፍ አይቻልም። ቀጭን ሽቦ ርካሽ ነው፣ ግን ቶሎ ይበጠሳል። ከተገኘ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ የሆነውን መምረጥ ነው።

ግድግዳው ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ የግንባታ ጡብ ገዝቶ መደርደር ነው። ሒሳቡ ግን እምቢ ይላል። ውስጡ 15 በ15 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 45 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ገጀራ የሚያስገባ ምድጃ እናስብ፤ ግድግዳው 11 ሳንቲሜትር ተኩል ይሁን። ግድግዳው ጠጣር ጡብ ከሆነ በ800 ዲግሪ ላይ ወደ ውጭ የሚያፈሰው ሙቀት 4,000 ዋት ገደማ ነው። ከአንድ የቤት መስመር በምቾት የምናገኘው ደግሞ 3,000 ዋት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቢሰካ ማጠንከሪያው ሙቀት ላይ አይደርስም። ግድግዳው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ሸክላ ከሆነ ግን የሚያፈሰው ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል፤ ቀሪው ምድጃውን ለማሞቅ ይተርፋል። ሙቀትን የሚያግደው አፈሩ ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ የታሰረው አየር ነው።

ቀዳዳ ያለው ሸክላ ለመሥራት አፈሩ ውስጥ በኋላ ተቃጥሎ የሚጠፋ ነገር ማቡካት ያስፈልጋል። ሌላ ቦታ ሰጋቱራ ይጠቀማሉ። ካፋ ውስጥ ከዚያ የቀረበ ነገር አለ፤ የቡና ገለፈት። ጀንፈል በሚፈለፈልበት ቦታ ሁሉ ተከምሮ ይገኛል። ገለፈቱ ተወቅጦና ተነፍቶ፣ በስፍር አንድ እጅ ሸክላ አፈር ለአንድ ወይም ለአንድ ተኩል እጅ ገለፈት ይደባለቃል። ከዚያም የተፈጨ ገል ይጨመርበታል። ገሉ አንዴ እሳት ስላየ ዳግመኛ አይኮማተርም፤ ጡቡን ከመሰንጠቅ ይይዘዋል። ይህንን ሸክላ ሠሪዎች ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፣ አፈሩንም ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚያወጡ ከእነሱ በላይ የሚነግር የለም። ተራ የሸክላ አፈር 850 ዲግሪን ይችላል። ከፍ ያለ ሙቀት የሚፈልግ ሰው ካኦሊን የተባለውን ነጭ አፈር መጨመር ይኖርበታል፤ አገር ውስጥ በጉጂ ከቦምቦዋ ይወጣል።

ጡቡ ሳይቸኮል በጥላ ይድረቅ። በካፋ ክረምት ይህ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ሥራውን ከኅዳር በኋላ መጀመር ብልኅነት ነው። ሲተኮስ ገለፈቱ ውስጥ ለውስጥ ይቃጠልና ጡቡ ሲነሳ እንደመጀመሪያው አይከብድም። ለሽቦው የሚሆነው ቦይ የሚፈቀፈቀው ከተተኮሰ በኋላ ነው፤ በተሰበረ ሴጌቶ ምላጭ በቀላሉ ይቆፈራል። ቦዩ አፉ ጠበብ፣ ውስጡ ሰፋ ቢል ሽቦው ሲለሰልስ ወደ ውጭ አይወድቅም። ጡቦቹ በላሜራና በአንግል ብረት ሳጥን ይታቀፋሉ። ላሜራው ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ አይሁን፤ ዚንክ ሲግል የሚወጣው ጭስ ሰውን በትኩሳት ያንዘፈዝፋል።

የኤሌክትሪኩ ሒሳብ አጭር ነው። ጉልበቱ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለሽቦው ተቃውሞ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ220 ቮልት 3,000 ዋት ለማግኘት 16 ኦም ገደማ ያስፈልጋል፣ የሚፈሰውም ወደ 14 አምፒር ይጠጋል። ሽቦውን በመልቲሜትር እየለኩ 16 ኦም ላይ መቁረጥ ነው። «ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ» የሚለውን ግን ልብ ይሏል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ መስመሩ ወደ 180 ቮልት ቢወርድ የቮልቱ ቅናሽ ከአምስት አንድ አይሞላም፤ የምድጃው ጉልበት ግን በሲሶ ቀንሶ 2,000 ዋት ይሆናል። ምድጃው ቀን፣ እንጀራ በማይጋገርበት ሰዓት ይሠራ። እስከ ማጠንከሪያው ሙቀት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል፣ 5 ወይም 6 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ የእንጀራ ቀን ከዚህ ብዙም አያንስም።

ከሰሉ በነፃ ተገኘ ቢባል እንኳ ይህን የኤሌክትሪክ ወጪ ከከሰሉ ጋር ማነጻጸር ይገባል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መካነ ሕይወት ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ደን ከሰል ማክሰል በየዓመቱ እየጠበበ የሚሄድ መንገድ ነው።

ሙቀቱን ማን ይንገረን? ዘመናዊው መልስ ቴርሞካፕል ነው፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፋቸው ተገናኝቶ ሲግል ጥቂት ሚሊቮልት ያመነጫሉ። ኬ የሚባለው ዓይነት በየዲግሪው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ይሰጣል፤ እስከ 1,200 ዲግሪ ይሠራል። ከእሱ ጋር የሚያያዘው ትንሽ የቻይና መቆጣጠሪያ ሙቀቱ ሲደርስ በሪሌይ በኩል ሽቦውን ያጠፋል፣ ሲወርድ ያበራል። መቆጣጠሪያው የሚናገረውን ግን በጭፍን ማመን አያሻም። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲነከር 100 ካነበበ ስሕተት አለ፤ ቦንጋ ባለችበት 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለላይኛው ሙቀት ከጓዳ የተሻለ ምስክር አይገኝም። የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው። አንድ ቁንጥር ጨው በብረት ቁራጭ ላይ አድርጎ ምድጃው ውስጥ ማኖር፤ ውሃ ሆኖ ሲታይ መቆጣጠሪያው 801 ማለት አለበት። 820 ካለ የ19 ዲግሪ ትርፍ እንዳለበት ምድጃው ላይ በኖራ መጻፍ ነው።

መቆጣጠሪያ መግዛት ያልቻለ ሰው የተጣለ ስፒከር ማግኔት ይፈልግ። ብረት ከ770 ዲግሪ ሲያልፍ ማግኔት አይስበውም። አንጥረኛው ማግኔቱን በሽቦ አንጠልጥሎ የጋለውን ገጀራ ያስጠጋለታል፤ መሳብ ካቆመ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ ያቆየዋል። ይህ ዘዴ ምድጃ ለሌለው፣ ዛሬም በፍም ለሚሠራው ሁሉ ያገለግላል። ምዕራፉን እዚህ ላይ ዘግቶ ማግኔት ፍለጋ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም።

ስለ አደጋው ሳይለዝብ መናገር ይገባል። ምድጃው ውስጥ ያለው ሽቦ ራቁቱን ነው፣ 220 ቮልትም ተሸክሟል። አንጥረኛው ደግሞ በብረት ጉጠት ነው የሚገባው። ስለዚህ በሩ ሲከፈት ኃይሉን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ የግድ ነው። ሳጥኑ ኧርዝ በሚባለው የመሬት መስመር ይታሰር፤ መስመሩም የራሱ ብሬከር ይኑረው። እነዚህን የሚያስቀር ሰው ምድጃውን ባይሠራው ይሻላል።

ገጀራው 830 ወይም 840 ዲግሪ ላይ ውፍረቱን ሁሉ እስኪያግል፣ ለባሌስትራ ውፍረት ዐሥር ደቂቃ ያህል፣ ይቆያል። ምድጃው ውስጥ አንድ ሁለት ፍሬ ከሰል መጣል አየሩን ይበላዋል፣ የብረቱም ቅርፊት ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ዘይት። ውሃ ለባሌስትራ ብረት ፈጣን ነው፤ ብዙ ጊዜ «ጭው» ብሎ የሚሰማው ስንጥቅ የውሃ ሥራ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ቢሆንም ጭሱ መርዝ ነው። በውጭ አገር የቤት ውስጥ አንጥረኞች የሚመርጡት የካኖላ ዘይት ነው፤ የእኛው ጎመንዘር የካኖላ የቅርብ ዘመድ ነው። ፓልም ዘይት ለመጠቀም የሚገደድ ሰው እስኪቀልጥ ማሞቅ አለበት። የትኛውም ዘይት 50 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ብረቱንም በተሻለ ፍጥነት ያቀዘቅዛል። ገጀራው በጫፉ ቀጥ ብሎ ይግባ። ግማሹ ብቻ ገብቶ ቢቀር ዘይቱ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ የሚከደን በርሜል ከጎን ይዘጋጅ፤ ውሃ ግን አይደፋበት።

ከዘይቱ የወጣው ገጀራ ጠንካራ ነው፣ ሞረድ ይንሸራተትበታል። ከእጅ ቢወድቅ ግን ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሳያድር ዝቅ ባለ ሙቀት ዳግመኛ ሞቆ መለዘብ አለበት። በተወለወለ ብረት ላይ የሚወጣው ቀለም ሙቀቱን ይናገራል፦ 210 ዲግሪ ላይ ገለባ መሳይ ቢጫ፣ 280 ላይ ወይን ጠጅ፣ 300 ላይ ሰማያዊ። ለሥጋ ቢላዋ ቢጫው ይበቃል። ያንን ሙቀት ለማግኘት ምድጃውን ማስነሳት አያስፈልግም፤ ቢላዋውን በምጣድ ላይ አድርጎ በአክንባሎ ከድኖ ሁለት ሰዓት ማቆየት ነው። ገጀራ ጉጥ የሚመታ በመሆኑ ወደ ሰማያዊው ይጠጋ።

ምድጃው በአንድ ቤት ቢቀመጥ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈት ነው፤ አንድ ገጀራ ለመቀጥቀጥና ለመሞረድ የሚፈጀው ጊዜ ምድጃው ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ ብዙ እጥፍ ነው። አምስት ወይም ስድስት አንጥረኛ በሳምንት አንድ ቀን ቀጥቅጦ የጨረሰውን ይዞ ቢመጣ ሁለት ሰዓት የማሞቂያው ወጪ ለሁሉም ይካፈላል። በዚያ ቀን ለእያንዳንዱ ስለት ብረቱ ከየት መኪና እንደመጣ፣ በስንት ዲግሪ እንደተነከረና በምን ቀለም እንደለዘበ በደብተር ይጻፍ። ከወር በኋላ ገዢው የተሸረፈ ገጀራ ይዞ ሲመለስ ደብተሩን ገልጦ በሚቀጥለው ማጠንከሪያ ላይ 20 ዲግሪ መቀነስ ወይም መለዘቢያውን ከፍ ማድረግ ይቻላል።